እትዬ ያልጠየቁት ጥያቄ

እትዬን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ላለነው ሁሉ «እትዬ» ነበሩ። ከኋላቸው ግን፣ አንዳንዴም እየሰሙን፣ «ቁጭ በሉ» እንላቸው ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከራሳቸው አፍ ነው። የልብስ ስፌት ማሽን ሊገዛ የመጣ ሰው ገና በሩን ሲያልፍ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» ይሉታል፤ ወንበር ስበው ከማሽን ፊት ያስቀምጡታል። ስለ ማሽኑ አንድ ቃል አይተነፍሱም። «በመጨረሻ የሰፉት ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁና እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ይላሉ። የሚሸጠው ያ ዝምታ ነበር። ሰው የሚሰማው ካገኘ ያወራል፤ ሲያወራ ደግሞ የሚያስፈልገውን ራሱ ይነግርሃል።

እኔ የምሠራው የክርና የመርፌው መደርደሪያ ጋ ነበር፤ ከሳቸው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ስለዚህ ከምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ራሳቸው አጫውተውኛል።

ኩባንያችን አሥራ አንድ ቅርንጫፍና አርባ አንድ ሻጭ ነበረው። እንደ ጨው ዘር የተበተንን ሰዎች ነን፤ ብዙዎቻችን ተያይተን አናውቅም። አዲስ የሚቀጠሩት ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይለቁ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት መድኃኒቱ ሥልጠና ነው ብሎ ዘጠና አራት ገጽ መመሪያ አሳተመና ላከልን። እኛ ጋ መመሪያው በደንብ አገልግሏል፤ የኋላውን መስኮት ነፋስ እንዳያላጋው ደግፎ ይይዝልን ነበር።

አንድ ቀን የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ራሱ መጣ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፣ ሰው ሳይበድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሠልጣኙ እንበለው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለ። «እርስዎ ጋ የተቀጠሩት ለምንድነው የማይለቁት?»

«እኔ ምን አውቄ! ምሳ አብረን እንበላለን እንጂ ሌላ ያደረግኩላቸው ነገር የለም።»

እሱም ምሳ አብሮን ሊበላ ቀረ። እትዬ በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አንድ ታሪክ አወጡ። ሦስት ቀን እየተመላለሰ አንዱን ማሽን ነካ ነካ አድርጎ ስለሚሄድ ሰውዬ ነበር። ሌሎቹ ሻጮች ሌባ ነው ብለው ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ቁጭ አደረጉት። ለካ ሚስቱ ሞታበት ለልጃቸው የጀመረችው ቀሚስ በእንጥልጥል ቀርቷል፤ ማሽኗም አልሠራ ብሏል፤ እሱ ደግሞ መርፌ ይዞ አያውቅም። «የሷን ማሽን አምጣው አልኩት። አመጣው። የተሰበረው መርፌዋ ብቻ ነበር። አንዲት መርፌ ሸጥኩለትና ቀጥ ያለ ስፌት አስተማርኩት። በዓመቱ የሚሠራበትን የሆስፒታል ልብስ ክፍል ሰዎች ይዞ መጣ፤ ስምንት ማሽን ገዙ።»

የአሠልጣኙ ማንኪያ አፉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ይሄን ለምን አንቀርጸውም? ፖድካስት እናድርገው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሬዲዮ በሉት። ግን ሰው በስልኩ፣ በፈለገው ሰዓት የሚሰማው ሬዲዮ።»

«ወይ ጉድ! በእርጅናዬ ዘፋኝ ልታደርገኝ ነው እንዴ?»

ተስማሙ። ከሱቁ ጀርባ ጨርቅ የምናከማችበት ክፍል አለ፤ ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ ስለተደረደረበት ድምፅ አያስተጋባም። አሠልጣኙ ስልኩን በርጩማ ላይ አቆመና ጽፎ ያመጣውን ወረቀት ሰጣቸው። እትዬ ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው እያዩ «ውድ የሽያጭ ባልደረቦቻችን» ብለው ጀመሩ። በሕይወታቸው እንዲህ ተናግረው አያውቁም። የመነሻ ሰዓት የምትለፍፍ የአውቶቡስ ጣቢያ ሠራተኛ መሰሉ።

ቀረጻው ለአርባ አንዱ ሻጭ ስልክ ተላከ። አሥራ ዘጠኙ ከፈቱት፤ ስድስቱ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ እሱንም እትዬ አጠገቤ ስለነበሩ ነው። ቤት ወስደው ለባለቤታቸው አሰሟቸው። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ቀልድ እንጂ ማባበል አያውቁም። ጆሯቸውን ሰጥተው ከሰሙ በኋላ፣ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አሉ። «ቤታችን እንዳታመጫት። ከመጣች እኔ እወጣለሁ።»

በማግስቱ እትዬ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። አሠልጣኙን ደውለው ጠሩትና፣ እኔን ደግሞ ከመደርደሪያዬ ጎትተው የጨርቁ ክፍል ውስጥ ከፊታቸው አስቀመጡኝ።

«ለስልኩ አላወራም» አሉት። «ስልክ ፊት የለውም። ለሷ ነው የምነግራት፤ አንተ እየሰረቅክ ቅዳ።»

የሰውዬውንና የመርፌዋን ታሪክ ነገሩኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ሚስትየዋ የጀመረችው ቀሚስ ጋ ሲደርሱ ግን አንጀቴን በላኝና አፍንጫዬን ስምግ በቀረጻው ላይ ይሰማል። ይቆረጥ ብዬ ለመንኩ፤ እምቢ አሉ።

ይሄኛውን ሠላሳ ሰው ሰማው። ከዚያ በኋላ በየሰኞው አንድ አንድ ይወጣ ጀመር፤ ስሙንም «የምሳ ሰዓት» አሉት። ሻጮች የሱቅ መዝጊያ ሲያነሱ፣ መንገድ ላይ፣ ዕቃ ሲወለውሉ ይሰሙታል። በድምፅ መልእክት መልስ መላክ ጀመሩ። አንዱ «እትዬ፣ እኔም ጋ እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ነበር፤ አባረርኩት» አለ። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በድምፅ ይተዋወቁ ጀመር። አሠልጣኙ ከደስታው ብዛት ይቅርታ መጠየቁን ሁሉ ቀነስ አደረገ።

አምስት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ሰኞ ግን ሌላ ዓይነት መልእክት መጣ። የላከችው ሩቅ ቅርንጫፍ ከተቀጠረች አራት ወር የሆናት ሻጭ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከኋላዋ መኪና ያልፋል።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። ታሪኮቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ሁሉም ላይ መጨረሻው እርስዎ ማሸነፍዎ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ምንም አልሆነልኝም። እርስዎን ስሰማ ይብሳል፤ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም እላለሁ። የተሸነፉበት የለም? ወይ ደግሞ ያጠፉበት? አንድ ካለ ይንገሩኝ።»

እትዬ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰሙት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው አስቀመጡ። ያን ቀን የመጣን ደንበኛ ቁጭ ማድረግ ረሱ። ለሚቀጥለው ሰኞ የሚቀረጽ ታሪክ አሠልጣኙ ሲጠይቃቸው፣ «ጉሮሮዬን አሞኛል» አሉ። ጉሮሯቸውን አላመማቸውም።

ሐሙስ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ እኔን ያዙኝ።

«አንድ አለ» አሉ። «ለባለቤቴም አልነገርኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ ሰባት ዓመት አስቀምጬዋለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ «የዓመቱ ምርጥ ሻጭ» ለመባል አንድ ትልቅ ሽያጭ ጎድሏቸዋል። አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ተቀጥራ ትሠራበት በነበረው ትልቅ የስፌት ቤት የምታውቀውን የፋብሪካ ማሽን አይታ ያንኑ ካልሆነ አለች። በቤቷ የራሷን ሥራ ልትጀምር ነው። እትዬ ቁጭ አድርገዋታል፤ ሰምተዋታል። ማሽኑ በተራ የቤት መብራት አይሠራም። ወፍጮ ቤትና ፋብሪካ የሚያስገቡት ኃይለኛ መስመር ያስፈልገዋል። «ቤትሽ የገባው መብራት ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዋጥኩት» አሉኝ። «እሷ ያልጠየቀችው ስለማታውቅ ነው። እኔ ያልጠየቅኳት መልሱን ስለማውቅ ነው።»

ማሽኑ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። እትዬ በመስኮት አዩዋትና የጨርቁ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። አንድ ሌላ ሻጭ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ በጣቱ እያሳየ ሲመልሳት ከጥቅል ጨርቆቹ መሀል ሆነው ሰሙ። የምስክር ወረቀቱ በዚያው ወር ተሰጣቸው። ቤታቸው ወስደው ቁምሳጥን ላይ፣ ከሻንጣ ሥር አስገቡት።

«ታዲያ ለሻጮቹ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«ታሪኩ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነግራቸው ነበር። የሷም ነው። ሳላስፈቅዳት እንዴት አድርጌ?»

በአሮጌው የማድረሻ መዝገብ ውስጥ አድራሻዋ ነበር፦ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ባረፍንበት ቀን አብረን ሄድን። በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙ በተላጠበት ግን ሰማያዊው ይታያል። አንኳኳን።

የከፈተችልን በአርባዎቹ መጨረሻ ያለች፣ በአንገቷ ላይ የልኬት ሜትር ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«አወቅሽኝ?» አሏት እትዬ።

ሴትዮዋ አተኩራ አየቻቸው። «ከፊትዎ ይልቅ ጀርባዎን ነው በደንብ የማውቀው» አለች። «ያን ቀን በውስጠኛው በር ሲገቡ አይቼዎታለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እትዬም አልረሱም ነበር፤ መታየታቸውን ግን አያውቁም ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሴትዮዋ ወንበር አላቀረበችልንም፤ በሩንም አልዘጋችብንም። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ተከትለናት ገባን። በመስኮቱ ሥር ትንሽ የእግር ማሽን አለ፤ የምትሠራው በእሱ ነው። ትልቁ ማሽን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ልብስ ትተኩስበታለች። አጠገቡ የተማሪ ሸሚዞች ተቆልለዋል።

እትዬ እንደቆሙ ተናገሩ። ይቅርታ ጠየቁ። ስለ ቀረጻው፣ ስለ ሻጮቹ፣ ቀጭን ድምፅ ስላላት ልጅ ነገሯት። «ልነግራቸው እፈልጋለሁ። እምቢ ካልሽ ግን ቃል አልተነፍስም» አሉ።

ሴትዮዋ የአንዱን ሸሚዝ ኮሌታ ተኩሳ ጨረሰች። ሌላ ጀመረች። እኔ እንኳ ልንሄድ ነው ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር።

«የቆጨኝ ማሽኑ እንዳይመስልዎት» አለች በመጨረሻ። «እናቴም፣ ባለቤቴም፣ ጎረቤቱም 'ሳትጠይቂ ገዛሽ' አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ሦስት ሰው ቀጥሬ ላሠራ አስቤ ነበር እኮ። ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ ነገር ልወስን ስል ልቤ ይከዳኝ ጀመር። 'አንቺ መች ታውቂና' ይለኛል አንድ ድምፅ። ይኸው በትንሿ ማሽን አለሁ።» ካውያውን አቆመችው። «ይንገሯቸው። ግን ሞኝ እንዳልነበርኩ ይንገሯቸው።»

«አንቺው ብትነግሪያቸውስ?» አሉ እትዬ።

ስልኬን አወጣሁና ትልቁ ማሽን ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩት። ለአራት ደቂቃ ያህል ተናገረች። አልቅሳ ወይ ተሳድባ አይደለም፤ እንዲያው የሆነውን በቅደም ተከተል። በየመሀሉ ካውያው እፍ እያለ ሲተነፍስ ይሰማል። ስትጨርስ ሁለት ወንበር አመጣችልን።

እትዬ የራሳቸውን ድርሻ በማግስቱ ቀረጹ። ምንም አላሳመሩም፤ የጨርቁን ክፍልም አልዘለሉም። አሠልጣኙ ሰምቶ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ ግን ፈራ። ቀረጻውን ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ወሰደው፤ ሥራ አስኪያጁም እትዬን አስጠሯቸው።

«ይሄ ሥልጠና ነው ወይስ ራሳችንን መስደብ?» አሏቸው። «ነገ ከአንዱ ስልክ ወጥቶ ተፎካካሪ እጅ ቢገባስ?»

«ሊገባ ይችላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እነሱም ይማሩበት። እርስዎ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እነዚህ ልጆች ካሸነፍኩበት ታሪክ የሚማሩት እኔን ማድነቅ ነው። እኔን ማድነቅ ለደንበኛው ምን ይጠቅመዋል?»

ሥራ አስኪያጁ ቀረጻውን ይዘው ቀሩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እትዬ በዚያ ሰሞን ልብ ስላልነበራቸው ለአንድ ደንበኛ ክር ነው ብለው ዚፕ ጠቅልለው ሰጡት። በአራተኛው ቀን ለአሠልጣኙ ተደወለለት። «ላከው» አሉት ሥራ አስኪያጁ። «ለሴትዮዋም መኪና ላኩላት። በምትኩ የምትፈልገውን ማሽን ትምረጥ።»

መኪናው ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ማሽን አልመረጠችም። «ለሌላ ማሽን ዓይኔም ጉልበቴም አይደርስም» አለች። «ይሄን ብቻ አንሱልኝ። የምፈልገው ቦታውን ነው።» አራት ወንዶች ተሸክመው አወጡት። የቆመበት ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ንጹሕና ነጭ ሆኖ ቀረ። እሷም ክንዷን ዘርግታ ባዶውን ቦታ ለካችው፤ ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም።

ያን ቀረጻ ከአርባ አንዱ ሻጭ ሠላሳ ስምንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙት። በመጀመሪያው ሳምንት መልስ የላከ አልነበረም። እትዬ «አለቀልኝ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ፊታቸው እቀርባለሁ» ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ አንድ መጣ፤ ከዚያ ሦስት። ሃያ ዓመት የሠራ ሻጭ አሮጌ ማሽን አድሶ እንደ አዲስ የሸጠበትን ቀን ተናገረ። ሌላዋ ሰው ፊት ስላሾፈችባቸው አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አወራች። አሠልጣኙ ሁሉንም ከባለቤቶቹ እያስፈቀደ አወጣው። የእትዬ ተራ በወር አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሌላውን ሰኞ ሌሎች ያዙት።

ሽያጩ ወዲያው ጨመረ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እንዲያውም ቀነሰ፤ ሻጮቹ ስለ መብራት፣ ስለ ቤት ስፋት፣ ስለ ሥራው ዓይነት እየጠየቁ አንዳንዱን ደንበኛ «ይሄ አይሆንዎትም» ብለው ይመልሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ እትዬን በጎን እያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ በግማሽ ቀንሶ ነበር፤ ሽያጩም ወደ ነበረበት ተመለሰና ትንሽ አለፍ አለ። ከሁሉ በላይ አሠልጣኙን ያስደሰተው ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ዓመት ከተቀጠሩት ዘጠኝ ሰዎች የለቀቀው አንድ ብቻ ነበር።

ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ አልለቀቀችም። ከብዙ ወራት በኋላ መልእክት ላከች። «እትዬ፣ ዛሬ አንዲትን ደንበኛ አይግዙ አልኳት። አለቃዬ ተቆጣኝ። ሴትዮዋም ተመልሳ የምትመጣ አይመስለኝም። ግን ደህና ዋልኩ።» እትዬ ይሄንንም ሁለት ጊዜ ሰሙት፤ «ይቺ ልጅ ትበልጠኛለች» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

አሁን እትዬ ጡረታ ወጥተዋል። ግን አዲስ ሠራተኞች በተቀጠሩ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠራቸዋል። እያንዳንዱን ስለ ቤተሰቡና ስለመጣበት ይጠይቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ከዚያ ያንን ቀረጻ ይከፍቱና ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመው አግኝቻቸው፣ «እትዬ፣ እስካሁን ያፍራሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ አፍራለሁ» አሉ። «የምወጣው ግን ለሱ አይደለም። እዚያ ከተቀመጥኩ የሚያዩት እኔን ነው። ስወጣ እሷን ይሰማሉ።»

ከበሩ ወዲያ ካውያው ሲተነፍስ ይሰማል። እትዬ ግድግዳውን ደገፍ ብለው፣ ቀረጻው እስኪያልቅና ከውስጥ አንዱ በሩን ከፍቶ ጥያቄውን ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።